ሰነፉ እጅ

አባቴ ሁለት ቀኝ እጅ ነበረው። አንደኛው እንደ ማንም ሰው ሥጋና አጥንት ነው፤ ሁለተኛው ጥጥና ሽቦ። የጥጡን በቤታችን «ሰነፉ» እንለው ነበር። እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች «ሰነፉን አቀብይኝ እስቲ» ትለኛለች፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለውን ክንድ በሁለት እጄ አቅፌ፣ ጣቶቹ ወለሉን እንዳይጠርጉ ከፍ እያደረግሁ አመጣላታለሁ። የሰው ልጅ አሻንጉሊት አቅፋ ታድጋለች፤ እኔ ክንድ አቅፌ አደግሁ። ምን ይደረግ፣ ሰው በቤቱ ያለውን ነው የሚያቅፈው።

እናቴ የእንስሳ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ገብቶበት ልጆች ፊት የሚጫወትበትን ልብስ ማለቴ ነው። የእሷ ልብስ ግን ጭንብል አጥልቆ መንጎራደድ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሁልጊዜ የተደበቀ እጅ አለ። የኤሊዋ ጀርባ ተከፍቶ ትንሽ ኤሊ ብቅ ትላለች፤ ትንሿ ኤሊ የለባሹ ግራ እጅ ናት። የጉማሬው አፍ ውስጥ ጥርሱን የምታጸዳለት ወፍ አለች፤ ወፏም እጅ ናት። እማዬ አንድ እንስሳ ልትቆርጥ ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው «እጁ የት ይደበቃል?» ብላ ነው። ጆሮና ጅራት ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ቀበሮው ነበር። ቀበሮው ዝይ ታቅፎ ይዞራል። ተመልካች የሚያየው ሁለቱም የቀበሮው እጆች ውጭ ሆነው፣ አንዱ ዝይዋን አቅፎ፣ ሌላው ሰላምታ ሲሰጥ ነው። ዝይዋ ታዲያ አንገቷን ታዞራለች፣ የቀበሮውን ጆሮ ትነክሳለች፣ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንስታ ትጥላለች። ልጆቹ «ማነው የሚያንቀሳቅሳት? እጁ ይኸው ውጭ አይደል እንዴ!» እያሉ ይንጫጫሉ። ምስጢሩ ሰነፉ ነው። ዝይዋን ያቀፈው ቀኝ ክንድ ጥጥ ነው፤ እውነተኛው ቀኝ እጅ በልብሱ ደረት በኩል አልፎ ዝይዋ አንገት ውስጥ ገብቷል።

ቀበሮው ውስጥ የሚገባው አባቴ ነበር። እሱን ከሠፈር እስከ ቴአትር ቤት ልጅ ሁሉ «አያ ቀበሮ» ነው የሚለው፤ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ፖስታ አመላላሹ ብቻ ነበር። አባዬ ሥራና ቤት አይለይም። ከሥራ ሲመለስ ሰነፉን ኮቱ እጅጌ ውስጥ አጥልቆ፣ ኮስተር ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ጫማውን ስፈታለት ከኮቱ ደረት የካልሲ አይጥ ዘው ብላ ወጥታ አፍንጫዬን ትይዘኛለች። በሳቅ ፍርስ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ወጣልን። ገና በሩን ሲከፍት ሮጬ ሄጄ ቀኝ እጁን ቆንጥጠዋለሁ፤ «ዋይ!» ካለ የራሱ ናት፣ ዝም ካለ ሰነፉ ነው። ሕጉ ይሄው ነው፤ ዋይ ካለ ሥጋ፣ ዝም ካለ ጥጥ።

እማዬ «ልጅቷን ሰው መቆንጠጥ አስተማርካት፤ ነግ ጎረቤት ትቆነጥጥና ጉድ ታፈላብናለች» ትለዋለች።

«ጎረቤትም ደስ ይለዋል» ይላል አባዬ።

አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ቀበሮውን ሊለብስ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ጠረጴዛው ሥር ክር እየጠቀለልኩ ስለነበር ፊቱ ከፊቴ ትይዩ ነው ያረፈው። ሲያጫውተኝ መሰለኝና አጨበጨብኩለት። እማዬ መቀሷን ጥላ ስትጮህም እንዴት ያለ ጨዋታ ነው አልኩ። ላባ የምትለጥፍልን አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ እህት፣ ሙጫ በነካው እጇ ዓይኔን ሸፍና ወደ ጓሮ ይዛኝ ወጣች። ሙጫው ቅንድቤ ላይ ደርቆ ስንት ጊዜ ሲያሳክከኝ ከረመ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይህንኑ ነው።

ሐኪም ቤት ልጅ አይገባም ተብሎ እኔ ከአክስቴ ጋር ቀረሁ። አባዬ የተመለሰ ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል፤ አናጢው ጎረቤታችን ሳይቀር፣ ሲናገር መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» ይላል። አባዬን ደግፈው አስገብተው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡት። እማዬ ቀኝ ክንዱን በእጅ አንጓው ያዘችና አንስታ ጭኑ ላይ ባለው ትራስ አስቀመጠችው፤ መጀመሪያ ክርኑን፣ ቀጥሎ መዳፉን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች። ይህን አያያዝ እኔ አውቀዋለሁ። ሰነፉን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ልክ እንደዚሁ ነው የምታደርገው።

ወዲያው ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ተሸውዷል!

በሰዎቹ እግር መሃል ሾልኬ ገብቼ ያንን እጅ አጥብቄ ቆነጠጥኩት። አባዬ አየኝ። ዋይ አላለም።

«ጥጥ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አወቅሁብህ! ሰነፉ ነው!»

አክስቴ «ኧረ አፍሽን ያዢ፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ብላ ልትጎትተኝ መጣች። አባዬ ግን ሳቀ። የሳቀው በግማሽ ፊቱ ነው። እኔም፣ ምስጢሩን ሙሉ በሙሉ ላለማውጣት ግማሹን ስቆ ግማሹን ያፈነው መሰለኝ። ብልህ ነው አልኩ በሆዴ። ሌላው ግማሽ ፊቱ መሳቅ እንደማይችል፣ ስትሮክ ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ ቀኙን ሁሉ እንደመታው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከወደቀ ጀምሮ የሳቀውም ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው እንደነበር እማዬ ነግራኛለች።

«አወቅ... ሽብኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሺ እውነተኛዋን የት ደበቅካት?» አልኩት ጆሮው ሥር ገብቼ።

ብዙ አሰበ። አፉ አንድ ቃል ለማውጣት ሲታገል ዓይኑ ግን እኔው ላይ ነበር። «እየ... ተለማመደች... ነው» አለኝ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ዓለም ለኔ ግልጽ ሆነ። አባዬ ትልቅ ትዕይንት እያዘጋጀ ነው፤ እጁ የሆነ ቦታ ተደብቃ ትለማመዳለች፤ ሰው ሁሉ በሰነፉ ተሸውዷል፤ የማውቀው እኔ ብቻ። ጎረቤት «እግዜር ይማረው፣ እጁን እኮ...» ሲል ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን እውጣለሁ። እያገጠጥኩ ስታየኝ አክስቴ በዓይኗ ትገርፈኛለች። እኔ ምን ገዶኝ።

መፈለጌን ግን አልተውኩም። ኮቱ ውስጥ እገባለሁ፤ ብርድ ልብሱን እገልጣለሁ፤ ከጀርባው ዞሬ በሸሚዙ አንገት በኩል አጮልቃለሁ። ሰነፉንም እመረምረዋለሁ። ይሄኛው ከድሮው እጅግ ይበልጥ ነበር። ይሞቃል። ፀጉር አለው። አመልካች ጣቱ ላይ አባዬን መርፌ የወጋው ጠባሳ እንኳ አልቀረም። መዳፉ መስመር መስመር አለው፤ ጥፍሮቹ ደግሞ እኔን እኮ የሚያኮሩ ናቸው። እማዬ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም! ሰው ለደከመበት ሥራ መመስገን አለበት ብዬ አንድ ቀን ስፌቷን ይዛ ሳለች ሄድኩና ጉልበቷን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ይሄኛው እጅ ከሠራሻቸው ሁሉ ይበልጣል። እንደዚህ አድርገሽ ሠርተሽ አታውቂም። ጥፍር ሁሉ አለው!»

እማዬ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «ክር አለቀብኝ፣ ክር ላምጣ» ብላ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ብዙ ቆየች። ክሩ ሙሉ ጥቅል ሆኖ መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ «እማዬ፣ ክሩ እዚህ ነው!» እያልኩ በመስኮት ብጮህላት አልሰማችኝም።

አክስቴ ይህ ነገር አልጣማትም። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ላባ ቅርጫት ውስጥ ተኝቼ፣ ማለትም የተኛሁ መስዬ፣ ከአባዬ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ልጅቷን ለምንድን ነው የምታሞኙዋት?» ትላለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አድሮ ያወቀችው ዕለት የምታዝነው ባንተው ነው።»

«ይደር... ይጥራ» አለ አባዬ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «እትዬ፣ እዚህ ቤት የሚመጣው ሁሉ... ያዝንልኛል። አንቺም። እህትሽም። የማታዝንልኝ... ልጄ ብቻ ናት።»

አክስቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። እኔ ግን ቅርጫቱ ውስጥ አኮረፍኩ። ምን አድርጌው ነው ልጄ አታዝንልኝም የሚለኝ? ማታም ሳልጠብቅ ብርድ ልብሴን ጎትቼ አምጥቼ ጉልበቱ ላይ ጣልኩለትና «አዝንልሃለሁ እኮ!» አልኩት ተቆጥቼ። አባዬ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ «ኧረ... ተይኝ እባክሽ፣ ሚጢጢ» አለ። ብርድ ልብሱን ግን አልመለሰልኝም።

የቴአትር ቤቱ ዳይሬክተር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣት ነው፤ ቦርሳውን ሁልጊዜ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያቅፋል። አባዬን በጣም ያከብረዋል፤ አክብሮቱም ነው ያስጨነቀው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት...» አለ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀበሮው መድረክ ላይ መውጣት አለበት። ልጆቹ ከአሁኑ እየጠየቁ ነው። እርስዎ ካልቻሉ፣ ለጊዜው፣ ለጊዜው ነው የምለው፣ አንድ ጎበዝ ልጅ አለን...»

አባዬ ወለሉን አየ። «ቀበሮውን... ከሰጠኸው... ለጊዜው አይሆንም፣ ልጄ» አለ። «ካወለቅሁት... አወለቅሁት ነው። ከዚያ ወዲያ... መስኮት ማየት ነው የሚቀረኝ።»

ዳይሬክተሩ አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላው። ይሄ ምስኪን ሰውዬ ደግሞ በሰነፉ ተሸውዶ እንዲህ ይጨነቃል እንዴ! ጠጋ ብዬ እጅጌውን ሳብ አደረግሁና «አይጨነቁ» አልኩት። «ደብቋት ነው። እየተለማመደች ነው። ሲዘጋ ትወጣለች።»

ዳይሬክተሩ እኔን አየ፣ አባዬን አየ፣ እማዬን አየ። አባዬ ግራ እጁን አንስቶ ራሴ ላይ አሳረፈ። «ልጅቷ... እንዳለችው ነው» አለ። «ሲዘጋ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ዳይሬክተሩ። ድምጹ ግን ያመነ ሰው ድምጽ አልነበረም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ለእማዬ «ለማንኛውም ልጁን ይለኩት፤ ምናልባት ቢቸግር ልብሱ እንዲደርስ» አላት።

ልጁ ሲመጣ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፍሮ ጣቱን የሚያፍተለትል ጎረምሳ ነበር። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ውይ የኔ ልጅ፣ ሜትሬ ጠፍቶብኛል» አለችው።

«አንገትሽ ላይ ነው!» አልኳት እኔ ደስ ብሎኝ። እውነትም እንደ ሻርፕ ተጠምጥሞባት ነበር።

እማዬ እንዲያ ገላምጣ አይታኝ አታውቅም። «ይሄ የተበጠሰው ነው» አለች፤ ከአንገቷ ገፍፋ ኪሷ ከተተችው። «ሲገኝ ልክብሃለሁ፤ አሁን ሂድ።» ጎረምሳው አመስግኖ ሄደ። ዛሬ ሳስበው እሱም ሜትሩን አይቶ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስለኛል።

ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የጓዳው በር ይዘጋል። አባዬና እማዬ ከነቀበሮው ይገባሉ። እኔ እዚያ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እቀመጣለሁ። የዝይዋ ምንቃር ጧ፣ ጧ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያ ጣሳው ሁሉ ተገልብጦ ቁልፉ ወለሉ ላይ ሲበተን። አባዬ በቁጣ የሆነ ነገር ይላል። «እንደገና» ትላለች እማዬ። ደግሞ ጧ፣ ጧ። ደግሞ ብትን።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለዋለች።

«እንቁላሉስ... ሄደ» ይላል አባዬ። «እኔ ዝይዋን... አቅፌ... አልሄድ አልኩ እንጂ።»

በሩ ሲከፈት የኔ ሥራ የተበተነውን ቁልፍ መልቀም ነበር። አልጋው ሥር፣ ቁም ሣጥኑ ሥር፣ አባዬ ጫማ ውስጥ ሁሉ ይገኛል። እጁ ስትለማመድ የበተነችው ነው ብዬ አንዱን እንኳ ሳልተው እለቅማለሁ። እያደር የሚለቀመው እያነሰ መጣ። አንድ ቀን ገብቼ ብፈልግ ወለሉ ላይ ምንም የለም፤ ቁልፉ ሁሉ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ተዛውሮ ተቀምጧል። አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ዕድሜዬን ሙሉ... ግራ ሲገባኝ ኖሬ» አላት እማዬን፣ «አሁን ገና... ግራው ገባልኝ።» እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም፤ ግን ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነውና አብሬ ሳቅሁ።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። አዳራሹ የልጅ ጫጫታና የአዲስ ቀለም ሽታ ሞልቶት ነበር። እማዬ፣ አክስቴና እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ያ ጎረምሳ በመጋረጃው ጥግ ቆሟል፤ ዳይሬክተሩ ከጎኑ ቦርሳውን አቅፏል። እማዬ እጄን ይዛኝ ነበር፤ መዳፏ እርጥብ ነው። አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጽ ግን የለውም።

ቀበሮው ወጣ። ቀስ እያለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መጥቶ መሃል ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዝይዋን በሁለት እጁ አቅፏታል።

«እኔ...» አለ ቀበሮው። «እኔ... የ... የ...»

አዳራሹ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳል አለ። አክስቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። በዚህ ጊዜ ዝይዋ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። ቀበሮውን ከታች እስከ ላይ አየችው፤ ከዚያ ልጆቹን ዞራ አየች፤ «አያችሁልኝ ይሄን ሰውዬ» እንደምትል። ምንቃሯን ጧ! አደረገችና አገጩን ወደ ላይ ገፋችው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀበሮው አንድ ቃል በጀመረ ቁጥር ዝይዋ ትዕግሥቷ እያለቀ ትጎነትለዋለች፤ አፍንጫውን ታክለታለች፣ ጆሮውን ታቃናለታለች። ድሮ ቀበሮው ነበር ጉረኛው። አሁን ዝይዋ የቤቱ እመቤት ሆና አረፈች።

ባርኔጣው ላይ ስትደርስ ሳተችው። ደግማ ሞከረች፤ ሳተችው። ሳቁ ቀዘቀዘ። እማዬ ጣቶቼን እስክታደቃቸው ጨበጠችኝ፤ መጋረጃው ጋ ዳይሬክተሩ ወደ ጎረምሳው ዞር ሲል አየሁት። ዝይዋ ቆመች። አንገቷን ወደ ታች አጎነበሰች፤ ባርኔጣውን ተወችው። ጀርባዋ ላይ ያረፈውን የቀበሮውን ቀኝ እጅ አውራ ጣቱን በምንቃሯ ያዘች። አነሳችው። እያነሳች፣ እያነሳች ከራሱ በላይ አደረሰችውና ለልጆቹ ግራና ቀኝ አወዛወዘችላቸው።

ልጅ ሁሉ እጁን አንስቶ አወዛወዘ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ቆምኩ።

«ይኸው ወጣች!» ብዬ ጮህኩ። «አላልኳችሁም! አባዬ፣ እጅህ ወጣች!»

ቀበሮው ወደኔ ዞረ። ከዚያ ምንም ሳይንተባተብ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማው «አወቅሽብኝ» አለ።

እማዬ ያኔ ምን እንዳደረገች ልብሱን ገልብጬ ያየሁት ራሴ መስፋት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ዝይዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውራታለች። አንገቷ ውስጥ የገባችው ግራ እጁ ናት፤ ያቺ ቁልፍ ስትበትን የከረመችው። በግራ በኩል የሚታየው ክንድ የጥጡ ነው። በቀኝ በኩል የሚታየው የራሱ፣ ሕይወት የሌለው ክንዱ ነው፤ የቀበሮ ጓንት አጥልቃለት፣ አውራ ጣቱ ላይ ለምንቃሯ መያዣ የምትሆን የክር ቀለበት ሰፍታለት። እኔ ወጣች ብዬ የጮህኩላት እጅ ከመውጣት የራቀች ነበረች። አባቴ አንድ እጁን በሌላው አንስቶ ነው ሰላም ያለን።

ከመጋረጃው ጀርባ ዳይሬክተሩ እማዬን አገኛት። ዓይኑ ቀልቷል። «ያ ሜትርዎ ተገኘ እንዴ?» አላት።

«ኧረ አልተገኘም» አለች እማዬ።

«አይፈልጉት በቃ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ አባዬን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ጭኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፋ፣ በክር መቀሷ የቀኝ እጁን ጥፍር ስትቆርጥ ደረስኩ። ድሮ እኔን ያኮሩኝ ጥፍሮች ናቸው። ቆርጣ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ስትጥላቸው ቆሜ አየሁ። የሰነፉን ጣቶች እኔ ራሴ ስንቴ በጥጥ ሞልቻለሁ፤ ስንቴ ቀዳዳቸውን ጠቅሜያለሁ። የጥጥ እጅ ጥፍር ቢሠሩለት እንኳ አያድግም።

እማዬ ፊቴን አይታ መቀሷን አቆመች። አባዬም አየኝ። እኔ ቀረብ አልኩና ያንን እጅ አነሳሁት። ከባድ ነበር። እንደ ድሮው ሳይሆን በስሱ፣ በጣም በስሱ ቆነጠጥኩት።

«ዋይ» አለ አባዬ።

አልተሰማውም። ያኔም አልተሰማውም፣ እስከ ዛሬም እዚያ እጁ ላይ የሚሰማው ነገር የለም። ግን ሕጉን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እሱም በግራ እጁ ጀርባዬን እየደባበሰ «አይዞሽ ሚጢጢ፣ አይዞሽ» አለኝ። በነጋታው በሩን ሲገባ ሮጬ ሄጄ «እውነተኛዋስ?» አልኩት። «እየተለማመደች ነው» አለኝ። በዚሁ ዓመታት አለፉ።

አሁን ስፌት መኪናው የኔ ነው። ትዕይንት በሌለበት ቀን ቀበሮው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ አባዬ ካወለቀው ቆይቷል፤ ያ ጎረምሳ ዛሬ ራሱ ሽበት አውጥቶ ዝይዋን እንደ ግራኝ ይዟት ይዞራል፤ በቀኝ እንዲይዛት ብዙ ብንለምነው «አያ ቀበሮ እንደዚህ ነው ያሳየኝ» ብሎ እምቢ አለ። የአባዬን ጥፍር የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ያን ጥቁር ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ እጁን አንስቼ አስቀምጣለሁ፤ መጀመሪያ ክርኑን፣ ቀጥሎ መዳፉን፣ ከዚያ ጣቶቹን። ባለፈው አውራ ጣቱ ላይ መቀሱ ሊያመልጠኝ ሲል አባዬ ቆጣ አለ።

«ቀስ በይ እንጂ!» አለኝ። «እናትሽ እንደሱ አድርጋ ሠርታ አታውቅም።»

እጄ ቆመ። እኔ እኮ ያን ቀን «እንደዚህ አድርገሽ ሠርተሽ አታውቂም» ስላት እማዬ ብቻ የሰማችኝ ነበር የመሰለኝ። ለካ መስኮቱ አጠገብ ሆኖ ሰምቶኛል፤ ሰምቶኝ ይህን ሁሉ ዘመን ይዞልኝ ኖሯል። እማዬ ጥግ ላይ፣ ክሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እንደ ድሮው ክር ፍለጋ የምትወጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ዓይኗን በመሃረቧ ጠረገችና እሱን ሳይሆን እጁን አየችው።

«ውሸቱን ነው፣ አትስሚው» አለችኝ። «ስሠራው አውራ ጣቱን አበላሽቼዋለሁ።»